ሆላንድሰ ሄርደር (የሆላንድ እረኛ ውሻ) ልናሳድግ አስበናል፤ የምታውቁት ምከሩን

ሰናይት_ዑትሬክት · ማርች 3

ሰላም ለሁላችሁ። መድረኩን ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሆላንድ ውስጥ ዑትሬክት ነው የምንኖረው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ውሻ ይገዛልኝ ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ሳምንት ድሬንተ ሄደን በግ የሚጠብቅ ውሻ አየን። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ መልኩ ወርቃማ ሆኖ በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ። በጎቹን አልነከሰም፣ አልጮኸባቸውም። ዝም ብሎ በዳር በዳራቸው ይመላለሳል። አንዷ በግ ወደ መንገዱ ወጣ ልትል ስትል ቀድሟት ይገኛል። እረኛውን ምን ዓይነት ውሻ ነው ስለው «ሆላንድሰ ሄርደር» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

ግን እፈራለሁ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢ የለንም፤ ትልቅ መናፈሻ ግን 5 ደቂቃ ላይ አለ። እኔ በሳምንት 4 ቀን እሠራለሁ፣ ባለቤቴ በፈረቃ ነው። በዚያ ላይ እናቴ በጁላይ ከጎንደር ለሦስት ወር ትመጣለች። እሷ ውሻ ደጅ ሲጠብቅ እንጂ ሳሎን ተኝቶ አይታ አታውቅም።

ያሳደጋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩን። የሚከብድም ከሆነ ከብዶ ይነገረን።


የመንዙ_እረኛ · ማርች 3

እህቴ ሰናይት፣ እንኳን ደህና መጣሽ። የምኖረው አሰን አጠገብ ነው። የመጀመሪያውን በ2009 አመጣሁት፤ 13 ዓመት ኖሮ በ2022 ሞተ። አሁን ሁለተኛዋ አለችኝ። ይህን ውሻ ስለምወደው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መንዝ ነው ያደግሁት። ከ6 ዓመቴ ጀምሮ በግ ጠብቄአለሁ። የእረኛ ልጅ ዋናው ጭንቀቱ ጅብ አይደለም፤ እሱ የማታ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትፈራው በጎቹ የሰው ማሳ እንዳይገቡብህ ነው። የጎረቤት ገብስ ከበሉ አባትህ ካሳ ይከፍላል፣ አንተ ደግሞ ትገረፋለህ። ስለዚህ በማሳውና በመንጋው መካከል ወዲያ ወዲህ ስትል ትውላለህ። በእኛ ዘንድ የውሻ ሥራው መጮህ ነው። ማሳውን የሚጠብቀው ልጁ ነው።

የሆላንዱ ውሻ የተማረው የልጁን ሥራ ነው። ያየሽው ማለት ያ ነው። ቦርደር ኮሊን አይተሽ ከሆነ አጎንብሶ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ በጎቹን ሰብስቦ ወደ ጌታው ያመጣል። ይሄኛው ግን ቀጥ ብሎ እየሄደ አጥር ይሆናል። በአንድ በኩል መንጋው፣ በሌላ በኩል እህሉ፣ መሀል ላይ እሱ። ቀኑን ሙሉ ያለ መሰልቸት።

ለምን እንዲህ እንደሆነ አካባቢውን ሳውቅ ነው የገባኝ። ድሬንተና ቬሉወ አፈሩ አሸዋ ነው። ድሮ በግ የሚረባው ለሱፉና ለሥጋው ብቻ አልነበረም፤ ለፍጉም ነው። በጎቹ ቀን ሄይደ በሚሉት ሜዳ ላይ ይውላሉ። የእኛን አገር አስታ የመሰለ፣ ግን አጭር የሆነ ቁጥቋጦ የሞላበት ሜዳ ነው። ማታ በረት ገብተው ፍግ ይጥላሉ፤ ፍጉ ማሳ ላይ ተበትኖ እህል ያበቅላል። ማሳው ጠባብ፣ አጥር የሌለው ነበር። ያለ ውሻ አይሆንም።

በኋላ ማዳበሪያ ከፋብሪካ መጣ። ሄይደው እየታረሰ እርሻ ሆነ፣ መንጋው ተመናመነ፣ ውሻውም ሥራ አጣ። ዘሩን የሚጠብቀው ማኅበር በጁን 12፣ 1898 የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው የመልክ መመዘኛም የዚያ ዓመት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ዓይነት ቀለም ይፈቀድ ነበር። በ1914 ግን ያ የተዥጎረጎረ መስመር ያለው ብቻ ይሁን ተባለ። ምክንያቱም ከጀርመኑና ከቤልጂየሙ እረኛ ውሻ ጋር የሚለየው ነገር እሱ ስለነበር ነው። ሦስቱም ከአንድ ዓይነት የገጠር ውሻ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ማርባት ቆመ። ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ፤ የጀርመን ጦር ወስዶ የቀሩትም አሉ። ዛሬም ቁጥራቸው ብዙ ያልሆነው ለዚህ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወንዱ ከ57 እስከ 62 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው፣ ሴቷ ከ55 እስከ 60። ክብደታቸው ወደ 25 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ትልቅ ወንድ ከዚያ ያልፋል። ለአፓርታማ ከባድ ግዙፍ ውሻ አይደለም። እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ውሻ ግቢ አይደለም የሚፈልገው፤ ሥራ ነው የሚፈልገው። ግቢ ኖሮሽ ሥራ ካልሰጠሽው ግቢውን ሥራ ያደርገዋል። አጥሩን ጥግ በጥግ እየዞረ የሚያልፈውን ሁሉ ይጮህበታል። ሦስተኛ ፎቅም ሆኖ በቀን ሁለት ሰዓት ከሰው ጋር ከሠራ ሳሎን ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይተኛል።


ሰናይት_ዑትሬክት · ማርች 3

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ አነበብኩለትና «እረኛ ልጅ የነበሩ ሰውዬ ናቸው» ስለው ደጋግሞ አስነበበኝ።

ሥራ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? በግ የለንም።


የመንዙ_እረኛ · ማርች 4

እኔም የለኝም።

የእኔዋ የጠዋት ሥራዋ ፍለጋ ነው። ቁልፌን ወይም አሮጌ ጓንቴን ሣር ውስጥ እጥላለሁ፤ በአፍንጫዋ ፈልጋ ታመጣለች። ሩብ ሰዓት እንዲህ ካደረገች አንድ ሰዓት ሮጣ ከምትደክመው በላይ ትደክማለች። ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም። ውሻውን በብስክሌት ጎን ሲያስሮጡት ይውላሉ፤ ውሻው ጉልበቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይረጋም። ሯጭ አሠልጥነህ ለምን አይተኛም ብትል ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ ረጅም የእግር ጉዞ አለን። በየመሀሉ ተቀመጪ፣ ቆይ፣ ነይ እላታለሁ። ማታ አጭር ጨዋታ። በቃ። የቀረውን ሰዓት ትተኛለች። መተኛትንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቡችላ ሳለች ምንጣፏ ላይ ሄዳ ጸጥ ስትል ነበር ምግብ የምሰጣት። ይህ ዘር ማረፍን በራሱ አይማርም፤ ልታስተምሪው ይገባል።

ለልጅሽ አንድ ነገር ንገሪው። አብራችሁ ስትሄዱ እሱ ወደ ኋላ ከቀረ ውሻው ይመለስና ይዞረዋል፤ አንድ ላይ ካልሆናችሁ አይረጋም። ልጆች ሲሯሯጡ ደግሞ ተረከዛቸውን ሊይዝ ይሞክራል። ክፋት አይደለም፤ ማሳ እንዳይገቡ ነው። ግን ከመጀመሪያው ቀን መታረም አለበት።


ኤልሳ_ክሊኒክ · ማርች 4

ሰናይት፣ ዴን ሃግ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ነኝ፤ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ጋሼ ስለ ጠባዩ ከእኔ የተሻለ ተናግረዋል። እኔ ስለ ጤናውና ስለ ፀጉሩ ልበል።

ፀጉሩ ሦስት ዓይነት ነው። ኮርትሃር አጭሩ፣ ላንግሃር ረጅሙ፣ ሩውሃር ደግሞ ሸካራው፣ ጢምና ቅንድብ ያለው። አንቺ ያየሽው አጭሩ ይመስለኛል። እሱን በሳምንት አንዴ ማበጠር ይበቃል። በዓመት ሁለቴ ግን ፀጉሩን ያራግፋል፤ ያኔ በየቀኑ ነው። ረጅሙ ብርቅ ነው፣ ብዙ ቦታ አታገኚውም። ሸካራው በመቀስ ወይም በማሽን አይቆረጥም። የሞተው ፀጉር በዓመት ሁለቴ በእጅ ይነቀላል፤ የበሰለ ከሆነ አያመውም። ማሽን ከነካው ፀጉሩ ይለሰልስና ዝናብ መከላከሉን ያጣል። የሦስቱንም ገላ ቶሎ ቶሎ አትጠቢ። ጭቃው ሲደርቅ በራሱ ይረግፋል።

በአጠቃላይ ጤነኛ ዘር ነው። አርቢውን ግን ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ የወላጆቹ የዳሌ ራጅ ውጤት፤ ኤ ወይም ቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለተኛ የዘረመል ምርመራ። በዚህ ዘር ላይ የሚታይ ጡንቻን የሚያቆስል የዘር በሽታ አለ። በቡችላነት ይጀምራል፣ መድኃኒት የለውም። ሁለቱም ወላጅ ተሸካሚ ከሆኑ ነው ቡችላው የሚታመመው፤ ስለዚህ የተመረመሩ ወላጆች ካሉ ይህን ሐዘን አታዪም። ሦስተኛው ለሸካራ ፀጉሩ ነው። የዓይኑ ውሃ መውጫ ጠባብ ሆኖ ሊወለድና ግላኮማ (ዓይን የሚያሳውር የዓይን ግፊት በሽታ) ሊያመጣ ይችላል። የዓይን ሐኪም ያየው መሆን አለበት። አርቢው እነዚህን ስትጠይቂው ፊቱን ካጠቆረ ጥለሽው ሂጂ።

ክትባት ላይ የሌፕቶስፒሮሲስን በየዓመቱ እንዳትዘይ። እዚህ አገር በየቤቱ ጀርባ ቦይ አለ፣ ቦዩ ውስጥ አይጥ አለ፣ በሽታው በአይጥ ሽንት ነው የሚመጣው። ወደ ሰውም ይተላለፋል። ከፀደይ ጀምሮ መዥገርም አለ። ከሄይደና ከጫካ ስትመለሱ ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መሀል ዳብሽው።

አሁን ለእኛ ቤት የተለየውን ልንገርሽ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሽንኩርት መርዙ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ቢበስልም፣ ቢደርቅም ያው ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽሮ፣ ቁሌት፣ ዶሮ፣ ሁሉም። ወጥ የነካ እንጀራ እንኳን አይሰጠው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም አይሆኑም። ለበዓል ማግስት ወደ ክሊኒካችን ከመጡ ውሾች መካከል የሐበሻ ቤት ውሻ አይቻለሁ። ሰዎቹ ከፍቅር ነው የሰጡት። ድዱ ነጭ ሆኖ ነበር የመጣው። ተርፏል፤ ግን ያን ቀን አልረሳውም።


ብሩክ_ቲልቡርግ · ማርች 5

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ። እኔ ሆላንድሰ ሄርደር ገዝቼ መስጠት ግድ የሆነብኝ ሰው ነኝ።

ከኢንተርኔት ማስታወቂያ ነው ያገኘሁት። ስታምቡም፣ ማለትም የዘር ሐረግ ወረቀት፣ አልነበረውም። ሻጩ «የፖሊስ ውሻ ዘር ነው፣ ጎበዝ ነው» አለኝ። ጎበዝ የሚለውን ሰማሁ፤ የፖሊስ ውሻ የሚለውን ግን አላሰብኩበትም። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሙሉ ቀን እንሠራ ነበር። ውሻው በቀን 7 ሰዓት ብቻውን ነው። መጀመሪያ በሩን በላ። ከዚያ ግድግዳውን። በ14 ወሩ በሩጫ የሚያልፍ ሰው ባት ያዘ። ደም አልወጣም፤ ግን ሰውየው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔም ተንቀጠቀጥኩ።

የውሻው ጥፋት አልነበረም። ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ምን እንሠራለን» ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ እኔ ቁልፌን ይዤ እወጣለሁ። ይህን ለ1 ዓመት አደረግሁት። በመጨረሻ አንድ አሠልጣኝ ወሰደው። አሁን ደህና ነው፤ በየዓመቱ ፎቶ ይልክልኛል። ያንን ፎቶ ሳይ አሁንም ይከፋኛል።

ሰናይት፣ የባለቤትሽ ፈረቃና ያንቺ 4 ቀን ሲደመር ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይሆናል? መጀመሪያ ይህን በወረቀት ጻፊው።


ዮናስ_ብራባንት · ማርች 5

ብሩክ ወንድሜ፣ ይህን ስለተናገርክ አከብርሃለሁ። አንድ ነገር ግን ማስተካከል እፈልጋለሁ፤ ሰዎች ለፖሊስ ሥራ የሚራባውን ዘር እንደ ክፉ ውሻ እንዳያዩት።

የኔዘርላንድስ ንጉሣዊ የፖሊስ ውሻ ማኅበር፣ ካ ኤን ፔ ፌ የሚሉት፣ ከ1907 ጀምሮ አለ። እኔ በአንድ ክበቡ ውስጥ ለ6 ዓመት ውሻ አሠልጥኛለሁ። ፈተናው ቀላል አይደለም። ውሻው ቦይ ይዋኛል፣ ዕቃ ይጠብቃል፣ ሣር ውስጥ የተጣለ ትንሽ ነገር ያገኛል፣ በብስክሌት የሚሸሽ ሰው ይይዛል፣ በቃል ሲጠራ ደግሞ ይለቃል። የመጨረሻው ነው ከባዱ። ከዚያ ሜዳ የወጡ ውሾች ብዙ አገር ፖሊስና ጦር ውስጥ ይሠራሉ።

እዚያ የዘር ሐረግ ወረቀት አይጠየቅም፤ ሥራው ነው የሚታየው። ስለዚህ ብዙዎቹ ማሊኗ ከሚባለው የቤልጂየም እረኛ ውሻ ጋር የተዳቀሉ ናቸው። ፀጉሩ ላይ የተዥጎረጎረ መስመር ስላለው ብቻ «ሆላንደር» ይባላል። ወረቀት ያለው፣ በማኅበሩ ደንብ የተራባው ደግሞ ሌላ ነው። ያም ሥራ ይወዳል፤ ግን ማጥፊያ ቁልፍ አለው። ማረፍ ይችላል። ለቤተሰብ እሱ ነው። የእኔ ዓይነቱን ለ9 ዓመት ልጅ ቤት አልሰጥም፤ ይህን የምለው ውሻዬን እየወደድኩት ነው።

ደግሞ ጉልበት እንዳትጠቀሙ። ባለሹል የአንገት ማሰሪያ ከ2018 ጀምሮ እዚህ አገር ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አይጠቅምም። ይህ ውሻ ፍትሕ ያውቃል። ያለ ጥፋቱ ከቀጣኸው ይዘጋብሃል፣ ለሳምንት አያምንህም። በምግብና በጨዋታ ከሆነ ግን አንድ ነገር በሦስት ሙከራ ይይዛል። መጥፎውንም በሦስት ሙከራ ነው የሚይዘው፤ እሱን አትርሱ።


ማሚቱ_ሮተርዳም · ማርች 6

እኔ ስለ እናትሽ ልናገር። ዘሩ ሌላ ነው፣ የእኔ ላብራዶር ነው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው።

እናቴ ከደሴ ስትመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከመኝታ ቤት አልወጣችም። ልብሷን ከነካት ለጸሎት አልሆንም ብላ ልብስ ስትቀይር ትውላለች። አዘንኩባት፣ ተቆጣኋትም። ተሳስቼ ነበር። እሷ ያደገችበት ነገር ነው፤ በ70 ዓመቷ በእኔ ቁጣ አይቀየርም።

የረዳን ይህ ነው። ጸሎት የምታደርግበትን ክፍል ለውሻው ፈጽሞ ዘጋሁት። አንድ ቀንም አልገባም። ኩሽናም እንዲሁ፤ ከደፉ አያልፍም። ሲመሽ ምንጣፉ ላይ እንጂ ሶፋ ላይ አይወጣም። እናቴ የውሻው ቦታ የት እንደሆነ ስታውቅ የራሷም ቦታ የት እንደሆነ አወቀች። ከዚያ ራሷ ሳሎን መጣች።

ሌላው ቡና ነው። እኛ ረከቦቱን መሬት ላይ ነው የምንዘረጋው። ከሰሉም ጀበናውም እዚያው ነው። ጅራት ሲወዛወዝ ሲኒ ይዞ ይሄዳል፤ ፍም ከሆነ ደግሞ ልጅም ውሻም ይቃጠላል። ቡና ሲፈላ ውሻው በማሰሪያ ይሁን ወይ ሌላ ክፍል። እንግዳ ሲመጣም በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ተሳስመን፣ ጮክ ብለን፣ እቅፍ ነው። እረኛ ውሻ ይህን ጠብ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ከአሁኑ በጓደኞችሽ አለማምጂው።


አዲስ_ጎሮ · ማርች 8

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ቀጣይ ዓመት ወደ ሆላንድ እመለሳለሁ። የእኔ ሄርደር እዚህ አብሮኝ አለ። ሲመለስ እንዳይገባ ይከለከልብኛል ወይ?


ኤልሳ_ክሊኒክ · ማርች 8

አዲስ፣ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት አገር ስለሆነች የአውሮፓ ኅብረት የደም ምርመራ ይጠይቃል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል፣ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU/ml) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከደሙ ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ጥበቃ አለ። ውሻው ከአውሮፓ ከመውጣቱ በፊት ምርመራው ተደርጎ በፓስፖርቱ ላይ ከተጻፈና ክትባቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ግን የ3 ወሩ ጥበቃ ይቀርልሃል። ፓስፖርቱን አሁኑኑ ገልጠህ እይ። ካልተደረገ ዛሬ ጀምር፤ ትኬት ከቆረጥክ በኋላ አይደረስበትም።


የመንዙ_እረኛ · ማርች 8

አዲስ፣ እዚያ ሳለህ ከሰፈር ውሾች ጋር ልቅ አትልቀቀው። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ደጋግሞ የፈጃቸው ይኸው ከውሻ የተላለፈ በሽታ ነው። የሰፈሩንም ውሾች ማስከተብ ከቻልክ አስከትብ፤ ትልቅ ሥራ ነው።


ህሊና_ዝዎለ · ማርች 9

ሰናይት፣ ስኻፐንዱስን አስበሽዋል? እሱም የሆላንድ የበግ ውሻ ነው። አነስ ይላል፤ ወንዱ ከ43 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ፀጉሩ ረጅም፣ ዓይኑን የሸፈነ፣ ሲሮጥ የሚዘል ነው። ከጦርነቱ በፊት ሊጠፋ ደርሶ ቱፑል የሚባል የውሻ አዋቂ በየገጠሩ የቀሩትን አፈላልጎ ነው ያተረፈው፤ ማኅበሩ በ1947 ተቋቋመ። እኛ ቤት አለ፤ ከሰው ጋር በጣም ደስ የሚል ነው፣ አይጠራጠርም። ማበጠሩ ግን ሥራ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ካልሰጠሽው ይቋጠራል። ዓይን ላይ የሚመጣ የዘር በሽታም አለ፤ የተመረመሩ ወላጆች ያሉትን ምረጪ።


ሰናይት_ዑትሬክት · ማርች 12

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብሩክ እንዳልከኝ በወረቀት ጻፍነው። በሳምንት ሁለት ቀን ውሻው 8 ሰዓት ብቻውን ይሆናል። ልጄ ራሱ አይቶ «እማዬ፣ ይሄማ ብዙ ነው» አለ። አለቀሰ፤ ግን እሱ ነው ያለው።

ስለዚህ ቡችላ አንገዛም። ባለቤቴ ፈረቃውን ለማስተካከል ጠይቋል። እስከዚያ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤታችንን ውሻ ያንሸራሽራል። ጋሼ፣ ቁልፍ ማስፈለጉን ጀምሯል።


የመንዙ_እረኛ · ማርች 12

ጎሽ! ይህን ያለ ልጅ ውሻ ይገባዋል። ቅዳሜ አሰን ኑ። በእኔዋ ይለማመድ።

አንድ ሐሳብም ልጨምር። ቡችላ ግድ አይደለም። በማኅበሩ በኩል አርቢዎችን አናግሪ። አንዳንዴ ባለቤቱ የታመመበት ወይም የተፋታ ሰው ያደገ ውሻ ለአርቢው ይመልሳል። የ4 ዓመት ውሻ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ከልጅ ጋር ይሆናል አይሆንም ተብሎ ይነገርሻል። የቡችላው ዓመት አልፎልሻል። ቡችላ ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያው እስኪጠና አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብስክሌት ጎን ሩጫ የለም፣ ደረጃም ማብዛት የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ተሸክመሽው ነው የምትወርጂው።


ሰናይት_ዑትሬክት · ኦገስት 19

ሰላም። ዝም ስላልኩ ይቅርታ፤ ጊዜ አጣሁ፣ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

ባለቤቴ በሜይ የቀን ሥራ አገኘ፤ ሦስቱን ቀን ከቤት ነው የሚሠራው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በጌልደርላንድ ያለች አርቢ ደወለችልን። የ4 ዓመት ሴት፣ አጭር ፀጉር፣ ወርቃማ። የውሻዋ ጌታ አረጋዊ ነበሩ፣ መንከባከቢያ ቤት ገቡ። ሦስት ጊዜ ሄደን አየናት። አርቢዋ እኛን ከጠየቀችን ጥያቄ ብዛት የቤት ብድር ሲፈቀድልን እንኳን እንዲህ አልተጠየቅንም። የዳሌ ራጁን፣ የዘረመል ውጤቱን፣ የክትባት ደብተሩን ሳንጠይቅ ነው ያሳየችን። ኤልሳ፣ አንቺን አሰብኩ።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። በር ላይ ተኝታ አሮጌውን ሰው ስትጠብቅ ማየት ልብ ይሰብራል። ልጄ ምንጣፏ አጠገብ መሬት ላይ ተኝቶ ያነብላት ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ጓንቱን ሸሽጎ ፈልጊ ሲላት ተነሳች፣ ፈልጋ አመጣች፣ እግሩ ላይ ጣለችለት። ከዚያ ወዲህ በሩን ረስታዋለች።

እናቴ በጁላይ መጣች። ማሚቱ ያልሽውን ሁሉ አደረግን። የእናቴ ክፍል ዝግ ነው፣ ኩሽናው ዝግ ነው፣ ቡና ሲፈላ ማሰሪያ ላይ ናት። እናቴ ሁለት ሳምንት ከሩቅ ስታያት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን አብረን መናፈሻ ሄድን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ኋላ ቀረች። ውሻዋ ቆመች። ልጄ ቢጠራትም አልሄደችም። ተመልሳ እናቴን ዞረቻትና ጎኗ ሆና በእሷ እርምጃ መሄድ ጀመረች። እናቴ ምንም አላለችም። ማታ ግን «ይቺ ሰው ቆጥራ ነው የምትሄደው» አለችኝ።

አሁን ከእናቴ የመጣ ጥያቄ አለኝ። ውሻዋ የምታውቀው ደች ብቻ ነው። እናቴ ነይ ስትላት አትሰማም። እናቴ ደች ትማር ወይስ ውሻዋ አማርኛ?


ዮናስ_ብራባንት · ኦገስት 19

ውሻዋ ናት የምትማረው። መጀመሪያ እናትሽ «ነይ» ትበል፣ ወዲያው ልጅሽ የምታውቀውን የደች ቃል ይጨምር። አዲሱ ቃል ሁልጊዜ ይቅደም። ስትመጣ ምግቡን እናትሽ ትስጣት።


ኤልሳ_ክሊኒክ · ኦገስት 19

ምግቡ ካሮት ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ የተከተፈ። እናትሽ ኪስ ውስጥ ቋንጣ እንዳይኖር አደራ። በርበሬም ነጭ ሽንኩርትም አለበት።


የመንዙ_እረኛ · ኦገስት 20

የእኔዋ በአማርኛ ነው ያደገችው። «ነይ» አጭር ነው፣ ከሩቅ ይሰማል፣ ጥሩ ቃል ነው። እናትሽ ረጋ ባለ ድምፅ ትጥራት፣ አትጩህባት። በቀን አምስት ጊዜ፣ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ። እሑድ አሰን ይዘሻቸው ነይ፤ ሜዳ ላይ እንሞክረዋለን።